«አለሁ» ያለው ኦዲሎን

ኦዲሎን በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በሸንጎ ፊት አፉን የከፈተው። ሁለቱንም ጊዜ በስልክ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የተፈረደበት በአንዲት ቃል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የእሱ ነገር እንዲያ ሆነ።

የመጀመሪያዋ ቃል የወጣችው በኅዳር ወር፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንታ ማሪያ ከተማ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። እሑድ እሑድ የመንደሩ የዩኩንዳ ልጆች መሰብሰቢያቸው እዚያ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ እንጆሪ ማሳ ውስጥ ጭቃ ሲጠጣ የሰነበተ ሱሪ ማሽኑ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሴቶቹ ካልሲ እያጣመሩ የሰው ስም ያነሳሉ ይጥላሉ፤ ወንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ስለ ወገባቸው ያወራሉ። ኦዲሎን ስልኩን የሳሙና ካርቶን ላይ አስደግፎ የመንደሩን ሸንጎ ያይ ነበር። ከመንደሩ ሰው የሚበዛው ካሊፎርኒያ ስለገባ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሸንጎው በስልክ ይተላለፋል።

ዩኩንዳ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከኦአሃካ ተራሮች ባንዱ አናት ላይ የተሰቀለች መንደር ናት። ሕጓ አጭር ነው። ሰው ማለት መዝገብ ላይ ያለ ሰው ነው። መዝገብ ላይ ያለ ሰው ሸንጎው ሲሾመው አንድ ዓመት ያለ ደሞዝ ያገለግላል። አላገለግልም ያለ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ቤቱም መሬቱም ወደ መንደሩ ይመለሳል፣ ሲሞትም እዚያ አይቀበርም። ካሊፎርኒያ ነኝ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም ማለት ለሸንጎው ሰበብ አይሆንም።

ሹመት የሚደለደለው በስም ጥሪ ነው። አንባቢው ከላይኛው ቤት ጀምሮ ስም ይጠራል፤ አደባባይ የተገኘው «አለሁ» ይላል። በስልክ ያለውም ቁልፉን ተጭኖ «አለሁ» ቢል ድምፁ በአደባባዩ ማጉያ ይሰማል። ግን ማንም አይጫንም። ዝም ያለውን ሰው «አልተገኘም» ብለው ያልፉታል፤ ዓመቱን በሰላም ይከርማል። ይህን ብልሃት እንጆሪ ማሳ ውስጥ ያለ የዩኩንዳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ኦዲሎንም ያውቀዋል፤ ሃያ አራት ዓመት ዝም ብሎ ኖሯል።

ያን ቀን ግን አደባባዩ ላይ የሚቀርጸውን ስልክ የያዘው ሰው ወደ ሴቶቹ መቀመጫ ዞር ሲል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ እናቱ ናና ቶማሳ ታዩት። የሹራባቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ወደ አንባቢው አንገታቸውን አስግገዋል። የሰው ሁሉ ልጅ ስም ሲጠራ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ኦዲሎን እናቱን ከተለየ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። «ኦዲሎን!» ሲል አንባቢው፣ አሮጊቷ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየ። ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ።

«አለሁ» አለ።

ድምፁ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ፣ ከተራራው ማዶ፣ በማጉያው ተመልሶ ለራሱ ተሰማው። እናቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ዙሪያቸውን እያዩ፣ ለሰው ሁሉ የሚያሳዩት ነገር እንዳላቸው፣ ለትንሽ ጊዜ ቆሙ። ስለዚያች ብድግ ማለት ሲል ኦዲሎን ሌላውን ሁሉ ረስቶ ነበር።

አጠገቡ የቆመው አበልጁ ናሳሪዮ ግን አልረሳም። ናሳሪዮ አፉ የማይዘጋ ቀልደኛ ነው፤ አፉን የሚዘጋው ለሸንጎው ብቻ ነው። ስልኩን አየው፣ ኦዲሎንን አየው።

«አበልጅ፣ ምን ነካህ?» አለው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያልኩህ ለሌላ ሰው ነበር እንዴ?»

ልብሱ ሳይደርቅ ሹመቱ ደረሰ። ኦዲሎን ከጥር አንድ ጀምሮ ለአንድ ዓመት የዩኩንዳ ባለበትር ሆነ። ባለበትር ማለት ከሹመት ሁሉ ታችኛው ነው፤ አደባባይ ይጠርጋል፣ ደወል ይደውላል፣ የሹሙን ደብዳቤ ይዞ ከሠፈር ሠፈር ይዞራል፣ ባለ ሪባኑን በትር ከእጁ አያወጣም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ጎረምሳ የሚጀምርበት ሹመት ነው፤ ኦዲሎን በዚያ ዕድሜው ስላላገለገለ ከታች መጀመር ነበረበት።

ከዩኩንዳ የወጣው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ አባቱ በሞተ በዓመቱ ነው። በረሃውን አራት ቀን በእግሩ ሲያቋርጥ አብሮት የነበረው ናሳሪዮ ነው፤ አንዲት ጀሪካን ውሃ ተካፍለው ተረፉ፤ ኋላም ናሳሪዮ የኦዲሎንን ልጅ ክርስትና አነሳና አበልጅ ሆኑ። ኦዲሎን ሲመጣ ስፓኒሽ እንኳ በወጉ አይችልም ነበር፤ አፉን የፈታው በመንደሩ ቋንቋ በሚሽቴኮ ነው። የሌላ ክፍለ አገር ሜክሲኮዎች ቁመቱን እያዩ «ድንክዬ» ይሉት ነበር። እሱም እንጆሪ ለድንክዬ የተፈጠረ ፍሬ መሆኑን በሁለተኛው ሳምንት አሳያቸው። ቅጠሉን ገለጥ፣ ፍሬውን ከነአንገቱ ቀንጠስ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ስምንት የላስቲክ ዕቃዎች ሞልቶ፣ ተሸክሞ ወደ መስመሩ ጫፍ መሮጥ፣ አስረክቦ መመለስ፣ እንደገና ማጎንበስ። በደህና ቀን ሰባ ጊዜ ይመላለሳል። አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላው ወገቡ ከአጎነበሰበት ቀና ለማለት ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልግ ነበር።

ሳንታ ማሪያ በእንዲህ ያለ ሰው ወገብ ላይ የቆመች ከተማ ናት። ዛሬ ዳቦ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ሬዲዮው በሚሽቴኮ ያወራል፤ የቅዱስ ስምዖን ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ጥሩምባው ሲነፋ ነጮቹም መጥተው ሞሌ የሚባለውን ወጥ እየበሉ አብረው ይጨፍራሉ። በማግስቱ የፖሊስ መኪና ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ያው ጥሩምባ ነፊው ነው። ፍሬያቸውን እንወዳለን፣ ሙዚቃቸውን እንወዳለን የሚል ብዙ ነው፤ ወረቀታችሁ ወዴት ደረሰ ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ኦዲሎን ሹመቱን ለሚስቱ ለሌኦኒላ ሲነግራት ባቄላ ትለቅም ነበር። እጇን አላቆመችም። ከሄደ እንደማይመለስ እሷም እሱም ያውቃሉ፤ በረሃው እንደ ድሮው አይደለም፣ እሱም እንደ ድሮው አይደለም። ካልሄደ ደግሞ ይሰረዛል። አንድ ልጃቸው ያሬሊ አሥራ ስምንት ሊሞላት ነው፤ በሚቀጥለው ነሐሴ የነርስ ትምህርት ቤት ትገባለች። ከዘመዶቻቸው ሁሉ ሳያጎነብስ እንጀራ የሚበላ አንድ ሰው ቢወጣ እሷ ነበረች። ሌኦኒላ ባቄላውን ጨርሳ ታጠበችና፣ አንዲት ቃል አውጥቶ ሦስት ሰው መከራ ላይ የጣለ ባል እንደ እሷ ማን እንዳገኘ እንዲነግራት ጠየቀችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

መፍትሔውን ያመጡት እናቱ ናቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው ደወሉ።

«አንተ አትነሣ፣ ልጄ። በትሩን እኔ እይዘዋለሁ።»

«እማ፣ ሰባ አራት ዓመትሽ እኮ ነው።»

«ዕድሜዬን ጠየቅኩህ? ጎረቤቴም ለባሏ ይዛ ጨርሳለች። አንተ ስምህን አሰምተሃል፤ እግሩን እኔ አዋጣለሁ።»

ሌላም ነገር ነገሩት። መቃብር ቦታው ላይ፣ በአባቱና ለራሳቸው በያዙት ቦታ መካከል፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ ክፍት መሬት አለ። እንዳይወሰድ ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ ደርድረውበታል። «መሐላችን ትተኛለህ» አሉት፣ «ልጅ ሆነህ እንደምትተኛው።» ኦዲሎን ይህን ሲሰማ እምቢ ማለት ሲገባው እሺ አለ። ደስ ብሎት ነው እሺ ያለው፤ ኋላ ራሱን ይቅር ያላለው ስለዚህ ነው።

ጥር አንድ ቀን ናና ቶማሳ በትሩን ተቀበሉ። በየእሑዱ ሲደውሉ ወሬያቸው ሁሉ ሥራ ነበር። የደወሉ ገመድ ስለተላላጠ መዳፋቸው ላይ ጨርቅ እንደሚጠመጥሙ፣ አደባባዩን ሲጠርጉ የሰከሩ ጎረምሶች «አለቃ!» እያሉ እንደሚያላግጡባቸውና እሳቸውም አንዱን በበትሩ ጫፍ ቂጡን እንዳሉት፣ የላይኛው ሠፈር ዳገት ከድሮው የበለጠ ቀጥ ማለቱን አወሩት። ያሬሊ ከአባቷ ትከሻ ጀርባ ሆና ትሰማለች፤ አያቷን በአካል አይታ አታውቅም፤ ሚሽቴኮዋም ያልበሰለ ሽሮ ነው እያለ ናሳሪዮ ይስቅባታል። ያም ሆኖ አሮጊቷ ስልክ ላይ ሲመጡ ለብቻቸው ጠልፋ የምትወስዳቸው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ናሳሪዮ መስመር ለመስመር እየለቀሙ ሳለ ስለዚያ ስለ ነጭ ድንጋዩ ሰምቶ ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» አለው። «ቤት አለህ፣ አልገባህበትም። መሬት አለህ፣ አላረስከውም። አሁን ደግሞ መቃብር አለህ፣ ሞተህም አትደርስበትም።» ኦዲሎን ተናደደ። ሲሞት ሬሳው እንደሚላክ፣ ሬሳ ወረቀት እንደማይጠየቅ ነገረው።

በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ያሬሊ ከሁለተኛ ደረጃ ተመረቀች። ናና ቶማሳ ፎቶዋን አሳትመው የሹሙ ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ስምዖን ሥዕል ሥር ለጠፉት። ማን ናት ብሎ ለጠየቀ ሁሉ «የባለበትሩ ልጅ» ይላሉ። ባለበትሩ ኦዲሎን መሆኑ ነው።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ። የሹሙን ደብዳቤ ይዘው ወደ ላይኛው ሠፈር ሲወጡ ናና ቶማሳ ዳገቱ ላይ ተንሸራተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ደብዳቤውን ደረታቸው ውስጥ ከተው፣ በትሩን ተደግፈው፣ ግማሹን መንገድ በእንብርክክ ወርደዋል አሉ። ለልጃቸው አትንገሩ ብለው አስማሉ። በአራተኛው ቀን አረፉ።

የመንደሩ ሹም ዶን ኤራስቶ የደወሉት ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ኦዲሎን መስመር መሐል ሳለ ነው። ከባሕር የመጣው ጉም ገና አልተነሳም ነበር። ሰምቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አላለቀሰም። የጀመረውን ካርቶን ሞላ፣ ተሸክሞ ወጣ፣ አስረከበ፣ ተመልሶ ሌላ ጀመረ። ያን ቀን ስልሳ ስምንት ካርቶን ለቀመ። ይህን ቁጥር ዛሬም አይረሳውም፤ ስለማይረሳውም ራሱን ይጠላል። ቤት ገብቶ ለሌኦኒላ «እኔ ነኝ የገደልኳት» አላት። ሌኦኒላ አይደለህም አላለችውም፤ ጫማውን ከእግሩ አወለቀችለትና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ድንበሩን ተሻግሮ መመለስ የሚችል በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካሊፎርኒያ የተወለደችው ያሬሊ። ትምህርቷ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ማንም ሳይጠይቃት ቦርሳዋን አዘጋጀች፤ ዶን ኤራስቶም እስክትደርስ ቀብሩን አቆዩላት። ቀብራ፣ ሦስተኛውን ቀን አስባ፣ ለትምህርቷ እንደምትደርስ ነገረቻቸው። ያን ዕለት የኦዲሎን ልብ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወገኑ አትሂጂ ይላታል፣ ሌላው እግሯን ሊስም ይፈልጋል።

ቀብሩን ያየው ከማሳው ዳር፣ መኪና ውስጥ ሆኖ፣ በምሳ ሰዓት ነው። እጁ እስከ አንጓው በእንጆሪ ቀልቷል፤ ስልኩም ቀላ። ጥሩምባው ሲነፋ፣ ሣጥኑ ሲወርድ፣ ያሬሊ የአያቷን ሹራብ ለብሳ አፈር ስትበትን አየ። ነጮቹ ድንጋዮችም ታዩት፤ ክፍት ቦታዋ ካሰባት በላይ ጠባብ ናት። ቀጥሎ ዶን ኤራስቶ በትሩን ትኩሱ መቃብር ላይ አጋደሙት። ትንሽ ቆይተው አነሱትና ሰው ሁሉ እያየ ለያሬሊ ዘረጉላት። ዓመቱ አላለቀም፤ አራት ወር ከመንፈቅ ይቀራል፤ በትር ደግሞ መሬት ላይ አያድርም።

ያሬሊ ስልኩን ወደያዘው ሰው፣ ማለትም ወደ አባቷ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ተቀበለችው።

በማግስቱ ስትደውል ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር። ደወሉ እንዴት እንደሚደወል ተምራለች፤ ገመዱ ላይ የአያቷን ጨርቅ እንደተጠመጠመ አግኝታዋለች።

«እጨርሰዋለሁ፣ አባ» አለችው።

«ትምህርትሽስ?»

«ይጠብቀኛል።»

ትምህርት ቤቱ እንደማይጠብቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለት ሳምንት ከትምህርት የቀረ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ኦዲሎን ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ ማሳ ውስጥ ሲያጎነብስ የሚያየው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ መጥረጊያ ይዛ አጎንብሳ። ሃያ አራት ዓመት ወገቡን የሰጠው እሷ እንዳታጎነብስ ነው። እናቱ የሞቱለት ስሙ ሊያጎነብሳት ነው። ለሌኦኒላ ሐሳቡን ሲነግራት «ልጅቷን ጠይቃት» አለችው። አልጠየቃትም። ብጠይቃት እምቢ ትላለች ብሎ ፈራ።

ሁለተኛዋ ቃል የወጣችው በዚያው የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ትምህርቱ ከተጀመረ በሁለተኛው እሑድ ረፋድ ላይ ነው። የሳምንቱ ደቦ ከመጀመሩ በፊት ሸንጎው ለትንሽ ጊዜ ይቀመጣል። ኦዲሎን ስልኩን የሳሙናው ካርቶን ላይ አስደገፈና ቁልፉን ተጫነ። ስሙን ተናገረ፤ እንዲሰርዙት ጠየቀ።

ዶን ኤራስቶ ክፉ ሰው አይደሉም። ደንቡ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነውና ሦስቴ ጠየቁት፤ ከደንቡም በላይ ለመኑት።

«የእናትህ አፈር ገና እርጥብ ነው፣ ኦዲሎን። ልጅቷም ደስ ብሏት ይዛዋለች። ማን አስገደደህ?»

«ማንም።»

«አንዴ ከተሰረዝክ መመለስ እንደሌለ ታውቃለህ? ቤትህም፣ ያቺም ቦታ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሰርዙኝ» አለ ኦዲሎን።

ስልኩን የያዘው ሰው መዝገቡን አላሳየውም። ያሳየው ያሬሊን ነው። አደባባዩን እየጠረገች ነበር፤ የአባቷን ድምፅ በማጉያው ስትሰማ ቀና ብላ ቆማለች፤ በትሩ ከግንቡ ጋር ተደግፏል። ዶን ኤራስቶ ቀስ ብለው ሄዱና በትሩን ከአጠገቧ አነሱት። የተሰረዘ ሰው በትር የለውም። ያሬሊ መጥረጊያውን ይዛ ቀረች። ናሳሪዮ የማድረቂያውን በር ከፈተና ዘጋ።

ያሬሊ ሐሙስ ዕለት ተመለሰች። ኦዲሎንና ናሳሪዮ ከአውቶቡስ ጣቢያው ተቀበሏት። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ የትምህርት ቤቱን መልእክት ስልኳ ላይ አሳየቻቸው። ቦታዋ ማክሰኞ ዕለት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ኦዲሎን ሦስት ጊዜ አነበበው፤ እንግሊዝኛው አልገባውም እንዳይባል ቀኑ ግልጽ ነበር። ማክሰኞ። እሱ የተሰረዘው እሑድ ነው። ከዩኩንዳ ወርዶ ካሊፎርኒያ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጃል፤ ይህንን ማንኛውም የዩኩንዳ ልጅ በሕልሙ ይቆጥረዋል። እሱ ግን አልቆጠረውም።

መኪናው ከጣቢያው ወጥቶ የማሳዎቹን መንገድ ያዘ።

«ለምንድነው ያልጠየቅከኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«አያቴም ለአንተ ብላ ነው።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «አለሁ ስትል እሷን አልጠየቅካትም፤ ሰርዙኝ ስትል እኔን አልጠየቅከኝም። እኔ እኮ እዚያ ሰው ስሜን ጠርቶኛል። የባለበትሩ ልጅ ብሎ አይደለም። ስሜን።»

ኦዲሎን ስለ ነጮቹ ድንጋዮች ለመጠየቅ ፈለገና አፈረ። ያሬሊ ራሷ ነገረችው፤ በመነሳቷ ዋዜማ የመቃብሩ ጠባቂ ድንጋዮቹን አንስቶ የመንገዱ ዳር ላይ ደረደራቸው፤ ቦታዋ የጎረቤት ሆነች።

ለሚቀጥለው ዓመት ትመዘገባለች ተባለ። እስከዚያው ቤት ከምትቀመጥ ብላ ያሬሊ የእናቷን ኮፍያ አድርጋ፣ ፊቷን በጨርቅ ሸፍና ማሳ ገባች። የአባቷን እጅ ወርሳለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእሱ ቀድማ መስመር ትጨርስ ጀመር። የማሳው ኃላፊ ኦዲሎንን ትከሻውን መታ አድርጎ ጥሩ ዘር እንዳለው ነገረው። ኦዲሎን አመሰገነው። ያን ቀን ከመስመሩ ጫፍ ቆሞ፣ ጀርባዋ መደቡን ከሸፈነው ጥቁር ላስቲክ በላይ ዝቅ ከፍ ሲል እያየ፣ ሞትን ተመኘ፤ ወዲያው ደግሞ ብሞት ወዴት ይወስዱኛል ብሎ አሰበና ምኞቱንም ተወው። ምዝገባው ሲመጣ ያሬሊ ወረቀቱን አልሞላችም። እሱም አልጠየቃትም፤ መጠየቅ የነበረበት ጊዜ አልፏል።

እንደገና ኅዳር መጣ። የስም ጥሪው እሑድ ኦዲሎን መስማት መብቱ እንዳልሆነ እያወቀ ስልኩን የሳሙናው ካርቶን ላይ አስደገፈ። ማንም አልከለከለውም። ያሬሊ ከጠረጴዛው ማዶ ካልሲ ታጣምራለች፤ ሌኦኒላ ሳንቲም ልትቀይር ሄዳለች። ሸንጎው ያው ነው፤ ግንቡ ያው ነው፤ ከግንቡ ሥር ባለው የሴቶች መቀመጫ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች።

አንባቢው ከላይኛው ቤት ጀምሮ ወረደ። የናሳሪዮን ስም ጠራ። ናሳሪዮ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ እንደ ልማዱ ግን አልቀለደም፣ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከናሳሪዮ ቀጥሎ ሁልጊዜ ኦዲሎን ነው፤ ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች የሚጠሩት ተከታትለው ነው። ኦዲሎን ሳያውቀው አየር ሳበ፤ ከንፈሩ ተከፈተ።

አንባቢው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ያሬሊ የአባቷን አፍ አየችው። ያጣመረችውን ካልሲ አስቀመጠች፣ መጣች፣ ስልኩን ከካርቶኑ ላይ አንስታ አጠፋችው።

«ልብሱ ደርቋል፣ አባ» አለችው።

ሁለቱን ሱሪዎች፣ የእሱንና የእሷን፣ አንድ ላይ አጣጥፋ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች። በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሳ መግባት ነበረባቸው።